ሊትል ዋልተር እና ሃርሞኒካው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብሉዝ የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚወድ ሰው ዘፋኝና ጊታር ተጫዋቾቹን ቢቢ ኪንግን ወይም መዲ ዋተርስን ያውቃል። ሊትል ዋልተር ሲባል ግን ብዙው ሰው ግር ይለዋል። ሙሉ ስሙ ማሪዮን ዋልተር ጃኮብስ ነው። የሉዊዚያና ልጅ ነው፤ ስሙ የገነነው ግን ቺካጎ ነው። ሃርሞኒካ ይጫወት ነበር፣ ይዘፍንም ነበር። ለእኔ ሸክላ ላይ ከተቀዱት የዚህ መሣሪያ ተጫዋቾች ሁሉ እሱን የሚበልጥ የለም። የሚያሳዝነኝ ሰዎች ገና ሳይሰሙት ይዘውት የሚመጡት ግምት ነው። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ሃርሞኒካ የልጅ መጫወቻ ናት»

ኪስ ውስጥ ስለምትገባ ይሆናል እንዲህ የሚባለው። ማንም ቢነፋት ድምፅ ታወጣለች፣ ልክ ነው። የብሉዝ ተጫዋች ግን ዋና ሥራውን የሚሠራው እየነፋ ሳይሆን አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ነው። ተራዋ ሃርሞኒካ 10 ቀዳዳ አላት፤ ውስጧ ደግሞ 20 ቀጫጭን የናስ ምላሶች አሉ። ግማሾቹ ሲነፉ ይጮኻሉ፣ ግማሾቹ ሲሳቡ። ሦስተኛውን ቀዳዳ እየሳበ የአፉን ውስጥ ቅርፅ የሚለውጥ ሰው ድምፁን እስከ ሦስት ግማሽ ድምፅ ድረስ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ያ የሚያለቃቅስ የሚመስለው ድምፅ የሚወጣው ከዚህ ነው። የሚጫን ቁልፍ የለም። ሁሉም ነገር የሚሠራው አፍ ውስጥ ነው፣ ማንም ሳያየው።

በዚያ ላይ ባንዱ በሚጫወትበት ቃና የተሠራች ሃርሞኒካ አይይዙም። «ጁክ» የተባለውን ሥራ ባንዱ የተጫወተው በኢ ቃና ሲሆን፣ ዋልተር የያዘው ግን የኤ ሃርሞኒካ ነው። እንዲህ ሲሆን ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ የሚገኘው በመሳብ ይሆናል። የተሳበ ድምፅ ደግሞ እንደልብ ይታዘዛል።

«ድምፁ የሚሻክረው ቀረጻው ስላረጀ ነው»

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም የሰውየውን ትልቁን ሥራ እንደ ጉድለት ይቆጥርበታል። ቀረጻው አርጅቶ ቢሆን ኖሮ ጊታሩም ድራሙም አብረው ይሻክሩ ነበር። ጠጋ ብላችሁ ስሙት፦ ጊታሩ ጥርት ያለ ነው፣ ድራሙም እንደዚያው። የሻከረው ሃርሞኒካው ብቻ ነው። ስለዚህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማይክሮፎኑንና ሃርሞኒካውን አንድ ላይ አድርጎ በሁለት መዳፉ ጥርቅም አድርጎ ይይዛቸዋል። አየር የሚያመልጥበት ክፍተት እስኪጠፋ ድረስ። ማይክሮፎኑ ድምፅ ከሚያጎላው መሣሪያ፣ ከአምፕሊፋየር ጋር ይያያዛል። የዚያን ዘመን አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ እንደ ሳክስፎን ይሞላል። መዳፉን ትንሽ ሲከፍት ድምፁ ይቀጥናል፤ መልሶ ሲዘጋ ይጨልማል። በእጁና በትንፋሹ አምፕሊፋየሩን ራሱን ይጫወተዋል ማለት ይቻላል።

ልዩነቱን ለመስማት ሁለት ሥራዎች ይበቃሉ። በ1950 ከመዲ ዋተርስ ጋር የቀዳው «ሉዊዚያና ብሉዝ» ላይ ሃርሞኒካው ያለ አምፕሊፋየር ነው፦ ቀጭን፣ እንጨት እንጨት የሚል፣ የገጠር ድምፅ። በ1952 «ጁክ» ላይ ግን ያው ሰው ነው ለማለት ያስቸግራል። በመሀል ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም!

አንዳንዱ ደግሞ አጋንኖ «ሃርሞኒካን በአምፕሊፋየር የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው» ይላል። ይህም ልክ አይደለም። ስኑኪ ፕራየር የተባለው ሌላው የቺካጎ ተጫዋች እኔ ቀድሜያለሁ ይል ነበር፣ ሌሎችም ነበሩ። ለሌሎቹ አምፕሊፋየር በሰው ጫጫታ መሀል ለመሰማት ነበር። ዋልተር ግን አዲስ ድምፅ አወጣበት።

«የመዲ ዋተርስ አጃቢ ነበር»

አጃቢ ነበር፣ ያውም ወደር የሌለው። በ1954 «ሁቺ ኩቺ ማን» ላይ ባንዱ እየቆመ የሚመታት ያቺ ታዋቂ ሐረግ ያለ እሱ ሃርሞኒካ ጉልበቷ ግማሽ ነው። ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። «ጁክ» ግንቦት 12 ቀን 1952 በመዲ ዋተርስ የቀረጻ ቀን ተቀድቶ በዋልተር ስም ወጣ። ዘፈን የሌለው፣ ሃርሞኒካ የሚመራው ሙዚቃ ነው። ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት በሚያወጣው የአር ኤንድ ቢ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) የደረጃ ሰንጠረዥ ለ8 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በ1955 ደግሞ ዊሊ ዲክሰን የጻፈለትን «ማይ ቤብ» ዘፍኖ እንደገና አንደኛ ወጣ። በ2008 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ በአጃቢዎች ዘርፍ መመዝገቡ ለዚህ አመለካከት ሳያግዝ አልቀረም። ክብሩ ደስ ይላል፤ ዘርፉ ግን አንሶታል።

«ብሉዝ ማለት የጥቁር አሜሪካውያን ትዝታ ነው፣ ሐዘን ብቻ»

ትዝታና ብሉዝ ይመሳሰላሉ የሚለው ወሬ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። የስሜት ዝምድናው ይገባኛል። ግን ትዝታ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ነው፤ ብሉዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ባር (እኩል የምት ክፍል) የሚዞር፣ ጥያቄና መልስ ያለበት አወቃቀር ነው። ሐዘን ብቻ ነው የሚለውን «ጁክ» ራሱ ያፈርሰዋል፤ የተሠራው ለጭፈራ ነው። «ማይ ቤብ»ም ዜማው «ዲስ ትሬን» ከሚባለው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የመጣ ፈካ ያለ ዘፈን ነው።

«በስሜት ብቻ የሚጫወት፣ ያልታሰበበት ሙዚቃ ነው»

ዋልተር የዘፋኙንና የሳክስፎን ተጫዋቹን የሉዊስ ጆርዳንን ሳክስፎን በደንብ ሰምቷል። ሐረጎቹ የት እንደሚጀምሩ፣ የት ትንፋሽ እንደሚወስዱ ስታዳምጡ ይታወቃችኋል። የ«ጁክ» ሌላ ቅጂም አለ፣ በዚያው ቀረጻ የተቀዳ። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው፤ አጨዋወቱ በእጅጉ ይለያያል። አንዱን መንገድ ሞክሮ ሌላውን የመረጠ አእምሮ ይሰማችኋል። ፍጥነቱን ብቻ የሚያደንቅ ሰው ይህ ያመልጠዋል። እኔ በበኩሌ የበለጠ የምወደው ሳይጫወት የሚተወውን ቦታ ነው።

መጠጡንና ድብድቡን እያነሱ «ብሉዙ ከዚያ ነው የመጣው» የሚሉም አሉ። በ1968 ከድብድብ በኋላ መሞቱ እውነት ነው። ምርጥ ሥራዎቹን የቀዳው ግን ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ሙሉ ጉልበት ላይ ሳለ ነው።

«ምርጥ ሥራዎች የሚል ስብስብ ለጀማሪ ነው፣ ዋናውን አልበም ፈልግ»

ለሌላ ሙዚቀኛ ልክ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ብሉዝ የሚወጣው ሦስት ደቂቃ ገደማ በሚሆን ነጠላ ሸክላ ነበር፤ ሥራው ራሱ ያ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቼስ የተባለው የቺካጎ ሸክላ አሳታሚ ያወጣው «ዘ ቤስት ኦፍ ሊትል ዋልተር» በነጠላ ሸክላ የወጡ 12 ሥራዎችን ሰብስቦ ይዟል፣ የመጀመሪያ አልበሙም ያው ነው። ከዚያ ጀምሩ። «ጁክ»ን ስትጨርሱ በዚያው ሸክላ ጀርባ የወጣውን «ካንት ሆልድ አውት ማች ሎንገር» ስሙ፣ እዚያ ይዘፍናል። ቀጥሎ «ሳድ አወርስ»ን፣ በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይመረጣል፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ያ ወፍራም ድምፅ ይጠፋል።