የእንቅልፍ ጥራት ምዘና፦ ትንፋሹ በእንቅልፍ ለሚቆራረጥ ሰው

ስሊፕ አፕኒያ ሰው በተኛበት የላይኛው የአየር መተላለፊያ እየተዘጋ ትንፋሹ ደጋግሞ የሚቋረጥበት ሕመም ነው። እንቅልፍ ሲወስደን የምላስና የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። መተላለፊያው ጠባብ በሆነ ወይም አንገቱ ላይ ስብ በተከማቸበት ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቅና አየሩን ይዘጋዋል። ደረትና ሆድ ለመተንፈስ ይታገላሉ፤ አየር ግን አያልፍም። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሲወርድ አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች ይነቃል፤ ሰውየው በኃይል አንኮራፍቶ ይተነፍስና መልሶ ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ አንዱንም አያስታውሰውም። እንዲህ ያለውን ሰው «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

የተሟላው ምርመራ ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል። ታካሚው እንቅልፍ በሚመረመርበት ክፍል ያድራል። ራሱ ላይ የሚለጠፉ ገመዶች የአንጎል ሞገድን፣ አፍንጫው ሥር የሚደረግ ቱቦ የአየር ፍሰትን፣ ደረትና ሆዱ ላይ የሚታሰሩ ቀበቶዎች የመተንፈስ ጥረትን፣ ጣቱ ላይ የሚሰካ ኦክሲሜትር የኦክሲጅን መጠንን ይመዘግባሉ። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ መቋረጥና ጉልህ የትንፋሽ መቀነስ ተቆጥሮ ለተኛበት ሰዓት ይካፈላል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው። 40 የተመዘገበለት ሰው 7 ሰዓት ቢተኛ ትንፋሹ 280 ጊዜ ታውኳል ማለት ነው። በቤት የሚደረገው ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የአንጎል ሞገድን ስለማይመዘግብ፣ ሰውየው ነቅቶ የተጋደመበትንም ጊዜ ያካትታል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል። ኦክሲሜትር በጠቆረ ቆዳ ላይ የኦክሲጅኑን መጠን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችልም በጥናት ታይቷል፤ ውጤቱን የሚያነብ ሐኪም ይህን ሊዘነጋው አይገባም።

ሌላው መንገድ መጠይቅ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ ያለፈውን አንድ ወር በ19 ጥያቄዎች ይዳስሳል። ነጥቡ ከ0 እስከ 21 ሲሆን ከ5 በላይ ያገኘ ሰው እንቅልፉ ደካማ ነው ይባላል። አንደኛው ክፍል አልጋ ላይ ካለፈው ጊዜ ምን ያህሉ በእንቅልፍ እንዳለፈ ያሰላል፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተጋድሞ ንጋት 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው አልጋው ላይ 8 ሰዓት ቆይቷል፤ የተኛው 6 ከሆነ ውጤቱ 75 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ መለኪያዎች የሚለያዩት። ከባድ አፕኒያ ያለበት ሰው ትራሱን እንደነካ ጭልጥ ሊል ይችላል፤ መንቃቱንም ስለማያውቀው «8 ሰዓት ሙሉ ተኛሁ» ይልና መጠይቁ ላይ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። በአንጻሩ ቀላል አፕኒያ ይዟት እንቅልፍ እምቢ የሚላት ሴት ነጥቧ በጣም ሊከፋ ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የተለካው ነገር የተለያየ ነው። በእኔ እምነት ዋጋው ያልታወቀለት ምስክር አጠገብ የሚተኛው ሰው ነው። የፒትስበርጉ መጠይቅም ስለ ማንኮራፋትና ስለ ትንፋሽ መቆም አብሮ አዳሪውን ይጠይቃል፤ መልሱ ግን ነጥቡ ውስጥ አይገባም። ሚስት «ትንፋሹ ሲቆም እየፈራሁ እቀሰቅሰዋለሁ» ካለች ምርመራ ለማዘዝ በቂ ምክንያት አለ።

የቀን እንቅልፋምነት የሚለካው በኤፕዎርዝ መጠይቅ ነው፤ በ1991 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ወጣ። ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ከምሳ በኋላ በጸጥታ ሲቀመጡና በመሳሰሉት 8 ሁኔታዎች የማንቀላፋት ዕድል እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ10 ሲያልፍ ያሳስባል። ሾፌሮች ግን መንጃ ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብለው ሊያሳንሱት ይችላሉ።

ሲፓፕ የተባለው፣ በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው መሣሪያ ከተጀመረ በኋላም ምዘናው ይቀጥላል። መሣሪያው ራሱ የቀረውን መቆራረጥና የተለበሰበትን ሰዓት ይመዘግባል። የትንፋሹ ቁጥር ከ5 በታች ወርዶም ቀን ቀን የሚያንቀላፉ አሉ። ያኔ ሐኪሙ ጭንብሉ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚለበስ፣ ታካሚው በቂ ሰዓት መተኛቱን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና ድብርት መኖሩን ይመረምራል። በኤፕዎርዝ ላይ የ2 ወይም የ3 ነጥብ መቀነስ ታካሚው ራሱ የሚሰማው ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል።