ነርሶች በጤና መረጃ ሥርዓት ውስጥ

ከጤና ጣቢያ የሚወጣ ቁጥር ሁሉ መነሻው የባለሙያ እጅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የነርስ ወይም የአዋላጅ እጅ። የተከተበ ሕፃን፣ ለእርግዝና ክትትል የመጣች እናት፣ የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ታካሚ፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚሰፍሩት በየክፍሉ መዝገብ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ታሊ ሺት (መቁጠሪያ ቅጽ)፣ ከታሊ ሺት ወደ ወርሃዊ ሪፖርት ያልፋሉ።

ነርሶች ከመረጃ ጋር የተዋወቁት ኮምፒውተር ከመምጣቱ ብዙ ቀድመው ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከክራይሚያ ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ባወጣችው ሥዕላዊ ሰንጠረዥ፣ ከቁስል ይልቅ መከላከል የሚቻል በሽታ ብዙ ወታደር እንደጨረሰ አሳይታለች። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ነርሲንግ ኢንፎርማቲክስን፣ ማለትም የነርስ ሥራንና የመረጃ ቴክኖሎጂን የሚያገናኘውን ሙያ፣ ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ አድርጎ የተቀበለው ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በዚያው ዘመን በካንሳስ የቶፒካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ነርስ የነበረችው ሱ ኪኒክ የኪራይ መኪና ስትመልስ ሠራተኛው ባርኮድ ሲያነብ አየች። ይኸው ለመድኃኒት ለምን አይሆንም አለች። የታካሚውን የእጅ አምባርና መድኃኒቱን በባርኮድ አመሳክሮ የመስጠት አሠራር በዚያ ሆስፒታል የተጀመረው ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ ነው።

በአገራችን ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የዘርፉ ዕቅድ ውስጥ የጤና መረጃ አሰባሰብንና አጠቃቀምን የሚያሻሽል «የመረጃ አብዮት» የሚል አጀንዳ ይዞ ነበር። አሁን ሪፖርት የሚላክበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሠራ ተደርጓል። የሪፖርት ወሩ ካለፈው ወር 21 እስከ የያዝነው ወር 20 ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ የጤና መረጃ ቴክኒሻኑ ነው፤ የቁጥሩ እውነተኝነት ግን መዝገቡን በሞላችው ነርስ ይወሰናል።

እኔ የነርሷን ድርሻ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ የክትባት ክፍሉ ነው። ፔንታ የተባለው፣ አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። አንደኛውን የወሰዱት ብዙ፣ ሦስተኛውን የወሰዱት ጥቂት ከሆኑ በመሃል የጠፉ ልጆች አሉ ማለት ነው። ይህን ቀድማ የምታየው መዝገቡ እጇ ላይ ያለው ነርስ ናት። ስማቸውን ለይታ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትሰጣለች፤ ፍለጋው ቤት ለቤት ይቀጥላል። ወረዳ ላይ ቁጥሩ እስኪደመር ቢጠበቅ ልጁ የክትባት ጊዜው ያልፈዋል። ከመቶ በመቶ በላይ የሆነ የክትባት ሽፋን ሪፖርት ሲደረግ «ይኼ እንዴት ሆነ?» ብላ ወደ መዝገቡ መመለስም የእሷ ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ ጊዜ ያስፈልጋል። አንድ ታካሚ በወረቀትም በኮምፒውተርም ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ፣ ሰልፉ በረዘመበት ክፍል አንዱ ለማታ ይቀራል። ማታ ከትዝታ የተሞላ መዝገብ ደግሞ ይሳሳታል። ስለዚህ ቅጹ ገና ሲዘጋጅ፣ የትኛው ጥያቄ እንደሚደጋገምና የትኛው በወረፋ መሃል እንደማይሞላ የክፍሉ ነርስ መጠየቅ አለባት። በጤና ተቋሙ ወርሃዊ የአፈጻጸም ግምገማ ላይም የክፍል ተወካይ ነርሶች ከኃላፊዎቹ ጋር ተቀምጠው ቁጥሩ ለምን እንደወረደ ማስረዳት ይችላሉ።