ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም

ባለፈው ወር በ23 ጠዋት ከፒያሳው ጊዮርጊስ ስወጣ፣ በሩ ጋ አንዲት እናት ከፊቴ ነበሩ። ቆም ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ቋጥረው የያዟት አሥር ብር ነበረች። አጣጥፈው ሙዳዩ ውስጥ ከተቷት። ዘወር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ፈገግ አሉና «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም፣ ልጄ» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ነበር የሄድኩት። ተረቱም አብሮኝ ሄደ።

ሁላችንም እናውቀዋለን። ለቅሶ ቤት ስንሄድ፣ ለታመመ ጎረቤት ስናዋጣ፣ አራስ ልንጠይቅ ትንሽ ነገር ይዘን ስንገባ እንለዋለን። ታክሲ ውስጥ አንዷ ሒሳብ ጎድሏት ሰው ሲሞላላት እንኳ ከኋላ ወንበር የሚለው አይጠፋም። ትርጉሙ ቀላል ነው። ያለውን አውጥቶ የሰጠ ሰው ስጦታው ስላነሰ አይወቀስም። ብዙ ጊዜ ግን የምንለው እንደ ይቅርታ ነው። «ትንሽ ናት፣ አትታዘቡኝ» እንደማለት። ለእኔ ተረቱ ከዚያ በላይ ነው። መነሻውን ያየ ሰው ይገባዋል።

መነሻው ጦር ሜዳ ነው። ቃሉ ራሱ ይናገራል። የሚወረወረው ጦር ነው፤ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ስለታም ብረት። በቋንቋችን ውስጥ ያለው ቦታ ትልቅ ነው። ሠራዊቱንም ጦር እንለዋለን፤ «ጦርነት» የሚለው ቃልም ከእሱ ወጥቷል። ጠመንጃ ሳይበዛ በፊት ተዋጊው ጋሻውን በአንድ እጅ፣ ጦሩን በሌላው ይዞ ነበር የሚገባው። ጦር ደግሞ እንደ ጎራዴ አይደለም። ከእጅ ከወጣ ወጣ። ያለውን ጦር የወረወረ ሰው በጠላቱ ፊት ያለ ጦር ይቀራል። ፈሪ ግን ጦሩን እንደያዘ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። ተረቱ «ንፉግ አይባልም» አላለም። «ፈሪ አይባልም» ነው ያለው። ዛሬ ስለ ገንዘብና ስለ ስጦታ ስንለውም ቃሉን አልቀየርነውም። እውነትም እኮ እጃችንን የምንሰበስበው ሁልጊዜ ስስታም ሆነን አይደለም። ፈርተን ነው። የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያው፣ ዘይቱ። ዛሬ ይቺን ብሰጥ ነገ ምን ይውጠኛል እንላለን። ሌላው ደግሞ «የወረወረ» አለ እንጂ «የመታ» አላለም። ጦሩ ይሳት ይምታ፣ ተረቱ አይጠይቅም። ከእጅህ ወጥቷል ወይ ብቻ ነው ጥያቄው።

ይህን የጦር ሜዳ ቃል የሰማሁት እዚያ ቦታ መሆኑ ደስ አሰኘኝ። ካቴድራሉ የአድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር፤ በጊዮርጊስ ዕለት። ታቦቱም አብሮ ዘምቷል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አፄ ምኒልክ ያስነገሩት የክተት አዋጅ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» ይላል። ጉልበት የሌለውንም አልተወውም። እሱም ማዘንና መጸለይ ይችላልና በዚያ እንዲረዳ ጠየቀው። ለእኔ ይሄ ከተረቱ ጋር አንድ ነገር ነው። ሁሉም ያለውን ይወርውር።

ሴቶቹም ወርውረዋል። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ የሚጠጣበትን ውሃ አስያዙ፤ ምሽጉም ተለቀቀ። በአድዋ ዕለት ደግሞ ውሃ በእንስራ ተሸክመው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ያዳረሱ ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ አብዛኞቹ ስማቸው የትም አልተጻፈም። የነበራቸው ውሃ ነው፤ ውሃውን ሰጡ።

እኛ ሴቶች ተረቱን ስንለው እንኳ በወንድ አንቀጽ ነው የምንለው። «የወረወረች» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ግን ወንጌል ውስጥ ይህን ተረት በሥራ ያሳዩት ሴቶች ናቸው። ሁለቱ ማርቆስ ላይ በጣም ተቀራርበው ይገኛሉ፤ አንዷ ምዕራፍ 12፣ ሌላዋ ምዕራፍ 14።

የመጀመሪያዋ መበለቲቱ ናት። ጌታ በመዝገቡ፣ በቤተ መቅደሱ የገንዘብ መጣያ አንጻር ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ ሲጥል ያያል። ሀብታሞች ብዙ ይጥላሉ። እሷ ሁለት ናስ፣ ትናንሽ ሳንቲሞች፣ ጣለች። «ጣለች» ነው የሚለው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ። «ሰጠች» ወይም «አስቀመጠች» አይልም። ከ«ወረወረ» ጎን ስታስቀምጡት ያምራል። ጌታም ስለ ሌሎቹ «ከትርፋቸው ጥለዋልና» ይላል። እሷ ግን «ትዳርዋን ሁሉ ጣለች»። ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ ባሏን ትታ የሄደች ይመስለኝ ነበር። እዚያ ላይ ትዳር ማለት መተዳደሪያ ነው፤ የምትኖርበት፣ ለዕለት ጉሮሮዋ የያዘችው።

ሁለተኛዋ ሽቱ ያፈሰሰችው ሴት ናት። የእሷ ስጦታ ትንሽ አይደለም። ሽቱው ከ300 ዲናር በላይ ሊሸጥ ይችል ነበር ብለው ተቆጡባት። አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ዋጋ ነው። የአንድ ዓመት ገቢ ያህል በአንድ ጊዜ አፈሰሰች ማለት ነው። ጌታ ስለ እሷ ያለው «የተቻላትን አደረገች» ነው። ሁለት ናስና 300 ዲናር። ሰው ሲያየው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ግን ሁለቱም ሴቶች እጃቸው ላይ የነበረውን ለቀቁ። ሁለቱም ምስጋናቸውን ከእሱ አገኙ።

ይህን ሁሉ አሁን በቀላሉ እጽፈዋለሁ። የገባኝ ግን አራስ ሆኜ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ ሴት ናት። በእኛ ሥርዓት እናት ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ያኔ የምንኖረው ከፒያሳ ጀርባ፣ ግቢ ውስጥ ነው። የቅዳሴው ድምፅ ሌሊት እቤት ድረስ ይሰማኛል። ሰውነቴ ደክሟል። እንቅልፍ የለም። መጾም አልችልም፣ መስገድ አልችልም፣ ደጁን መሳም አልችልም። ከእግዚአብሔር የራቅሁ መስሎኝ አንድ ቀን ጡት እያጠባሁ አለቀስኩ።

ጎረቤታችን እማማ በየጠዋቱ አጥሚት ያመጡልኝ ነበር። ያን ቀን ሳለቅስ ደረሱ።

«ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?»

«እማማ፣ ምንም እያደረግሁ አይደለም እኮ። ጸሎት እንኳ ጀምሬ እንቅልፍ ይጥለኛል።»

«ቤተ ክርስቲያን መግባቱ ይቆይ እንጂ መጸለይ ማን ከለከለሽ? የጀመርሻትን ጀምሪያት። ሌሊት ተነስተሽ ታጠቢያለሽ አይደል? እሱንም ስጪው። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም።»

ከዚያ በኋላ ሌሊት ልጄን ሳነሳ «አቡነ ዘበሰማያት» እጀምራለሁ። አንዳንዴ እጨርሰዋለሁ። አንዳንዴ መሐሉ ላይ ይወስደኛል። ግማሽ አባታችን ሆይ ነው የነበረኝ፤ እሱን ወረወርኩ። ስለ እማማ ግን የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያ አጥሚት የሚቀዳው ከእሳቸው ቤት ነበር፤ እሳቸው ጡረታ እንኳ አልነበራቸውም። በየጠዋቱ በር አንኳኩተው ይወረውሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ተረቱን መሸሸጊያ የማድረግ ነገርም አለ። እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በኋላ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ክረምት ነው፤ ልብስ የላትም። እኔ ቁም ሳጥኔን ከፍቼ የማልፈልጋቸውን ሰብስቤ ሰጠኋት። አንዱ ሹራብ ክንዱ ተበልቷል። እማማ አጠገቤ ነበሩ። «ያው እንግዲህ፣ ያለውን የወረወረ...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ይሄ ያለሽ አይደለም፣ ልጄ። የተረፈሽ ነው።»

ዝም አልኩ። ወንጌሉን ሳነብ «ከትርፋቸው» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ። ማታ የራሴን ሹራብ አውጥቼ ለልጅቷ ሰጠኋት። በዚያ ክረምት ትንሽ በረደኝ።

ከዚያ ወዲህ ተረቱን ከመናገሬ በፊት «ያለኝ ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ብር የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ሥራ ቦታ ቡና ላይ የአንዷ ስም ሲነሳ ያለኝ ዝምታ ነው፤ ወይም ስለ እሷ የማውቀውን አንድ ደግ ነገር መናገር። ዝም ማለቱ ራሱ ይከብዳል፤ ወሬው ይጣፍጣላ። ማታ ደክሞኝ ስገባ አማቴ አንዱን ታሪክ ለአሥረኛ ጊዜ ሲያወሩልኝ ያለኝ ጆሮ ነው። ዓርብ ለራሳችን የጾም ወጥ ስሠራ አንድ ጭልፋ ጨምሬ ብቻዋን ለምትኖረው ጎረቤት እልካለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይቅርታ ከመጠየቅ ሌላ ምንም የለኝም። እሱ ከሁሉም ይከብደኛል። ባሌን ይቅርታ ከምጠይቅ ደመወዜን ብሰጥ የምመርጥባቸው ቀናት ነበሩ።

እነዚህን ማንም አይቆጥራቸውም። ሙዳይ ውስጥ አይገቡም፣ ስማቸው መድረክ ላይ አይጠራም። የሴት እምነት ግን በአብዛኛው እዚህ የሚኖር ይመስለኛል፤ ጓዳ ውስጥ፣ ምላስ ጫፍ ላይ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ሰፈራችን አሁን የለም። በልማት ተነስተን ተበታትነናል። እማማ ዳር ከተማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃውን አይችለውም። ጊዮርጊስን ከሳሙ ቆዩ። እኔ በወር አንዴ ሄጄ አያቸዋለሁ። ቡና ያፈላሉ፤ ከረጢታቸው ውስጥ የቀረችውን ዕጣን ያጨሳሉ። ስነሳ የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አሥር ብር መዳፌ ውስጥ ያስቀምጡና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘጉታል።

«በ23 ስትሄጂ ጣይልኝ።»

እጥልላቸዋለሁ። መጀመሪያ የእሳቸውን፣ ቀጥሎ የእኔን።