የሙተፈሪቃ ማተሚያ ቤት ምንድን ነው?

«የሙስሊሙ ዓለም በኅትመት ወደ ኋላ የቀረው ሃይማኖቱ ማተሚያን ስለከለከለ ነው» ሲባል ደጋግማችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። አጭር ስለሆነ ለማውራት ይመቻል። የኢብራሂም ሙተፈሪቃን ታሪክ ያወቀ ሰው ግን ይህን ወሬ እንዲሁ በደረቁ አይውጠውም። የሱ ማተሚያ ቤት የተከፈተው በሸይኹል ኢስላሙ፣ ማለት በመንግሥቱ የበላይ የሃይማኖት ሊቅ፣ ፈትዋ (የሃይማኖት ሕግ ብይን) ነው። የከፈተውም ሰው ስለ እስልምና መጽሐፍ የጻፈ ሙስሊም ነበር።

የሙተፈሪቃ ማተሚያ ቤት በኦቶማን መንግሥት ዋና ከተማ በኢስታንቡል፣ በሙስሊም እጅ፣ በሱልጣን ፈቃድ፣ በዐረብ ፊደል የቱርክኛ መጻሕፍት ለማተም የተቋቋመ የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት ነው። ፈቃዱ የተሰጠው በ1727 ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ለገበያ የቀረበው በ1729 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውዬው ትውልዱ ቱርክ አይደለም። በ1670ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ኮሎዥቫር ውስጥ ተወለደ፤ ከተማዋ ዛሬ ሩማኒያ ውስጥ ያለችው ክሉዥ ናት። ሀንጋሪያዊ ክርስቲያን ነበር። በ1690ዎቹ መጀመሪያ፣ ኦቶማኖችና ኦስትሪያ ሲዋጉ፣ ወደ ኦቶማኖች ወገን አለፈና ሰለመ። ኢብራሂም ተባለ። በ1710 አዲሱን እምነቱን የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። «ሙተፈሪቃ» የአባቱ ስም ሳይሆን የሹመቱ ነው፤ ቤተ መንግሥት ለልዩ ልዩ ተልእኮ የሚልካቸው ባለሟሎች እንዲህ ይባሉ ነበር። እሱም በ1715 ወደ ቪየና ተልኳል። በኋላም በስደት ቱርክ ለተቀመጠው ለሀንጋሪው መስፍን ለራኮዚ አስተርጓሚና አገናኝ ሆኖ ለዓመታት ሠርቷል።

ማተሚያ መኪና ለኢስታንቡል እንግዳ አልነበረም። አይሁዶች በ1493፣ አርመኖች በ1567፣ ግሪኮች በ1627 በየፊደላቸው አትመውበታል። ታዲያ በዐረብ ፊደል ማተም ለምን ይህን ያህል ዘገየ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሱልጣን ባየዚድ 2ኛ በ1485፣ ሰሊም 1ኛ ደግሞ በ1515 ከልክለዋል የሚል ነው። የእነዚህ አዋጆች ዋና ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወሬው የሚመዘዘው ከአውሮፓ ጸሐፊዎች ነው። እንዲያውም ሙራድ 3ኛ በ1588 በዐረብ ፊደል የታተሙ መጻሕፍት ይዘው የሚመጡ አውሮፓውያን ነጋዴዎችን ማንም እንዳይነካቸው አዟል።

እኔን የበለጠ የሚያሳምነኝ ሌላ ምክንያት ነው። መጽሐፍ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ በደንብም ይጻፍ ነበር። ቁም ጽሕፈት ትልቅ ጥበብ ነው፤ ደራሲ፣ ጸሐፊ፣ ጠራዥና ሻጭ የተሳሰሩበት ሙሉ ገበያ ነበረው። አንባቢው ይህን ውበት ለምዷል። ከአውሮፓ የሚመጣው የዐረብኛ ኅትመት ደግሞ ፊደሉ ሻካራ፣ ስሕተቱም ብዙ ነበር።

የፊደሉ ጠባይም አለ። የዐረብ ፊደል ይያያዛል። አንዱ ፊደል ቃል ሲጀምር ሌላ፣ መሀል ሲገባ ሌላ፣ ሲጨርስ ሌላ፣ ብቻውን ሲቆም ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ 28 ፊደል ማለት 28 የእርሳስ ቁራጭ ማለት አይደለም፤ መልኩና መጋጠሚያው ሁሉ ሲቆጠር በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ያ ሁሉ ተቀርጾ፣ ቀልጦ፣ ፈስሶ፣ መሥመሩ ሳይሰበር መገጣጠም አለበት።

የእኛ ፊደል ቁጥሩ ቢበዛም አይያያዝም፤ ለእርሳስ ይመቻል። መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ሮም ላይ የታተመው በ1513 ነው፣ ከሙተፈሪቃ 200 ዓመት ቀድሞ። ያም ሆኖ አገር ቤት ያሉ ጸሐፍት ብራናቸውን ፍቀውና ቀለማቸውን በጥብጠው ለዘመናት በእጅ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ይህን ሳስብ «አልታተመም» የሚለው ሁሉ «ተከልክሎ ነው» ማለት እንዳልሆነ የበለጠ ይገባኛል።

ወደ ኢብራሂም እንመለስ። ሥራውን የጀመረው በካርታ ነው። በ1719 አካባቢ የማርማራን ባሕር ካርታ አትሞ ለታላቁ ቬዚር (ለሱልጣኑ ጠቅላይ ሚኒስትር) ለኢብራሂም ፓሻ አሳየ። ያን ጊዜ ሱልጣኑ አሕመድ 3ኛ ነው፤ ቤተ መንግሥቱም ለአዲስ ነገር ክፍት ነበር። በ1720 ወደ ፓሪስ የሄደው የአምባሳደሩ ልጅ ሰዒድ ኤፈንዲ ፈረንሳይን አይቶ ሲመለስ የኢብራሂም ሙተፈሪቃ የሥራ ሸሪክ ሆነ። ይህ ሰዒድ በኋላ ራሱ ታላቅ ቬዚር ለመሆን በቅቷል።

በ1726 ኢብራሂም ስለ ማተም ጥቅም አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለመንግሥት አቀረበ። ክርክሩ ዛሬም ቢነበብ ያሳምናል። ሞንጎሎች ባግዳድን ሲያጠፉ፣ አንዳሉስም (ሙስሊሞች ይገዟት የነበረችው ስፔን) ከሙስሊሞች እጅ ስትወጣ ስንት መጽሐፍ አብሮ ጠፋ ይላል። ቅጂው ብዙ ቢሆን ኖሮ የቱም አይጠፋም ነበር። የታተመ መጽሐፍ ይረክሳል፣ ደሃው ተማሪም ይገዛዋል። የማተሚያ ቀለም ውሃ ቢነካው እንደ እጅ ጽሑፍ አይለቅም። ማውጫ ስለሚገባለትም የሚፈለገው ነገር ቶሎ ይገኛል። አውሮፓውያን የእኛን መጻሕፍት ስሕተት በስሕተት አድርገው ከሚያትሙልን እኛው በትክክል እናትማቸው ሲልም ይጨምራል።

ሸይኹል ኢስላሙ አብዱላህ ኤፈንዲ ፈትዋ ተጠየቀ። ጥያቄው በአጭሩ፦ ሙያውን የሚያውቅ ሰው የመጽሐፍን ፊደል በትክክል ቀርጾ፣ በጥቂት ጊዜና ድካም ብዙ ቅጂ ቢያወጣ ይፈቀድለታል ወይ? መልሱ ይፈቀዳል ብቻ አይደለም፣ የተመሰገነ ሥራ ነው የሚል ነበር። አንድ ነገር ግን ተጨመረ፤ ጽሑፉን የሚያርሙ አዋቂዎች ይመደቡ። በ1727 የወጣው የሱልጣኑ ትእዛዝም አራት አራሚዎችን ሾመ። ሦስቱ ቃዲዎች (የሸሪዓ ዳኞች)፣ አራተኛው መውለዊ የሚባለው የሱፊዎች ማኅበር ሼኽ ነበሩ። መዝገበ ቃላት፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ተፈቀዱ። ተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ)፣ ሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር) እና ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) ግን በፈቃዱ ውስጥ አልገቡም። የሃይማኖቱ ጉዳይ በርግጥ የነበረው እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑን ማንም እርኩስ ነው አላለም።

ማተሚያ ቤቱ የተተከለው ኢብራሂም መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ በሱልጣን ሰሊም መስጊድ ሰፈር። የመጀመሪያው መጽሐፍ ባለ ሁለት ጥራዝ የዐረብኛ ቱርክኛ መዝገበ ቃላት፣ ቫንኩሉ ሉጋቲ ነው። 1,000 ቅጂ ታተመ። ዋጋውን መንግሥት በ35 ኩሩሽ (የኦቶማን ገንዘብ) ቆረጠው። መጽሐፉን የገለጠ ሰው ገና መዝገበ ቃላቱ ሳይደርስ የሱልጣኑን ትእዛዝ፣ ፈትዋውን፣ የሊቃውንቱን ምስክርነትና የኢብራሂምን የራሱን ጽሑፍ ያገኛል። መግዛት የፈራ ካለ ፍርሃቱን እዚያው መፍታት ነው የተፈለገው።

ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። በ1730 ስለ አሜሪካ የሚተርክ መጽሐፍ በሥዕል ወጣ፤ ከሥዕሎቹ አንዱ ሴቶችን የሚያፈራ የተረት ዛፍ ነው። በ1732 የኦቶማኑ ሊቅ የካቲብ ጨለቢ ታላቅ የጂኦግራፊ መጽሐፍ፣ ጂሃንኑማ፣ ከነካርታዎቹ ታተመ። ኢብራሂም አታሚ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ሐሳብ ጨምሮ አዲስ የሥነ ፈለክ ትምህርት ከራሱ አስገባበት። በዚያው ዓመት ባወጣው የራሱ መጽሐፍ ደግሞ የመንግሥት ዓይነቶችን ዘርዝሮ ዴሞክራሲን ለኦቶማን አንባቢ አስረዳ፤ ሠራዊቱ እንደ አውሮፓው ካልተደራጀ አደጋ እንዳለም በግልጽ ጻፈ።

በመሀል በ1730 ፓትሮና ኸሊል የመራው አመፅ ኢስታንቡልን አናወጣት። ሱልጣኑ ከዙፋን ወረደ። የማተሚያ ቤቱ ዋና ደጋፊ የነበረው ታላቁ ቬዚር ተገደለ። ማተሚያውን ሕዝቡ ጠልቶት ቢሆን ያን ጊዜ በተቃጠለ ነበር። አዲሱ ሱልጣን ማሕሙድ 1ኛም አልዘጋውም፤ ሥራው ቀጠለ።

እስከ 1742 ድረስ 17 ርእሶች ታተሙ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። የቅጂውም መጠን ብዙ ጊዜ 500 ብቻ ነበር። አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ብዙ ወራት ይፈጃል፣ ገዢው ጥቂት ነው፣ ወረቀቱም ውድ ነው። ኢብራሂም የወረቀቱን ችግር ለመፍታት በያሎቫ የወረቀት ፋብሪካ እንዲቋቋም ደክሟል፤ ባለሙያዎች ከፖላንድ አስመጥቷል። 1740ዎቹ ሳያልቁ አረፈ። ሲሞት የተመዘገበው ንብረቱ ሲታይ ካተማቸው መጻሕፍት አብዛኛው ተሽጧል፤ ያልተሸጠ ክምርም ግን ቤቱ ውስጥ ቀርቷል።

ከሱ በኋላ ማተሚያው ተዳክሞ ቆየ። በ1750ዎቹ ቫንኩሉ እንደገና ከታተመ በኋላ ፀጥ አለ፣ በ1784 ግን መንግሥት አስነሣው። ቀርቶ የነበረው የሃይማኖት መጽሐፍም ተራው ደረሰ፤ በ1803 የቢርጊቪ የእምነት መጽሐፍ ኢስታንቡል ውስጥ ታተመ። ቁርኣን በመንግሥት ፈቃድ እዚያው ታትሞ የወጣው በ1870ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ግን በድንጋይ ላይ በሚሠራ ኅትመት የቁም ጸሐፊውን እጅ እንዳለ ማባዛት ይቻል ነበር።