«ኦንላይን ከሆነ ፎርጅድ ነው»፦ ስለ ቀለም ብዕር ሽያጭ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው የምሠራው። የምረቃ ወቅት ሲቃረብ ሐበሻ ደንበኞች ይበዙልናል። ለእህት ልጅ፣ ለወንድም፣ ጡረታ ለሚወጣ አባት አዲስ አበባ የሚላክ ብዕር ይፈልጋሉ። ገና መደርደሪያው ጋ ሳይደርሱ ታዲያ ያው ጥያቄ ይመጣል። «ወንድሜ፣ ኦንላይን በጣም ረክሶ አይቼው ነበር። ግን ካምፓኒው ኦንላይን እንዳይሸጥ ከልክሏል አሉ። ፎርጅድ ስለሆነ ነው አይደል?»

አይደለም። ይህን መመለስ ሰልችቶኛል። ስለዚህ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

የሚከለክሉ አምራቾች መኖራቸው እውነት ነው። አንዳንዱ ብዕሩን የሚሰጠው ራሱ ለመረጣቸው ሱቆች ብቻ ነው። አንዳንዱ «በራስህ ድረ ገጽ ሽጥ፤ አማዞን ላይ ግን እንዳላይህ» ይላል። አንዳንዱ ከዚህ ዋጋ በታች አታስተዋውቁ ይላል። ወደ ሌላ አገር አትላኩ የሚልም አለ። ሰው የሚሳሳተው ምክንያቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ትንንሾቹን ልጨርስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ውድ ብዕር ኦንላይን አይሸጥም።» ውድ ብዕር በመሥራት የሚታወቀው ሞንብላን ራሱ በገዛ ድረ ገጹ ይሸጣል።

«ከወኪል ውጭ መግዛት ወንጀል ነው።» ወኪል የሚባለው አምራቹ የመረጠው ሱቅ ነው። ክልከላው ያለበትን ውል የተፈራረሙት አምራቹና ቸርቻሪው ናቸው። እናንተ አልፈረማችሁም።

«ዋጋው ሁሉም ሱቅ ጋ አንድ ከሆነ ሱቆቹ ተመካክረዋል።» ይህን የሚሉኝ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ ናቸው። እዚያ ብዙ አምራቾች ዝቅተኛ የማስታወቂያ ዋጋ ያወጣሉ። ከዚያ በታች ያስተዋወቀ ሱቅ ዕቃ ይቋረጥበታል። ሱቆቹ ሳይነጋገሩም ዋጋው አንድ ይሆናል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1911 ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋን በስምምነት መወሰንን በደፈናው ከልክሎ ነበር። በ2007 ሊጂን በተባለ የቆዳ ዕቃ አምራች ጉዳይ ይህን ቀየረው። አሁን በፌዴራል ሕግ የእያንዳንዱ ጉዳይ ጥቅምና ጉዳት ይመዘናል። ደግሞ የተገደበው ማስታወቂያው ብቻ ከሆነ ሱቁ ሲሸጥ ሊቀንስ ይችላል። ደውላችሁ ጠይቁ።

«የከለከሉት ፎርጅድ ስለበዛ ነው።» ዋናው ይህ ነው።

ፎርጅድ ብዕር አለ፤ አልክድም። የሞንብላን 149 ቅጂ መዓት ነው። ጫፉ ላይ የሚቀረጸውን 4810፣ ማለትም የሞንብላን ተራራን ከፍታ በሜትር፣ ሳይቀር ይቀዱታል። የተማሪ ብዕር የሆነው ላሚ ሳፋሪም አልተረፈም። ግን ፎርጅድን ለመከልከል ውል አያስፈልግም፤ ሕጉ ራሱ ይከለክለዋል። አምራቹ ለቸርቻሪው የሚልከው ውል ሌላ ነገር ነው። የሚከለክለው ኦርጅናሉን ነው። ኦርጅናሉን ብዕር በዚህ መንገድ፣ በዚህ ድረ ገጽ፣ ለዚያ አገር አትሽጥ ነው የሚለው።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው አንድ የመነጽር ጉዳይ ነው። ሲልሁየት የሚባል የኦስትሪያ አምራች ፋሽናቸው ያለፈ ፍሬሞችን ለቡልጋሪያ ኩባንያ ሸጠ። ቡልጋሪያ ያኔ የአውሮፓ ኅብረት አባል አልነበረችም። ፍሬሞቹ ዞረው ኦስትሪያ ገቡ። ሃርትላወር የተባለ በርካሽ የሚሸጥ ድርጅት ገዝቶ ለገበያ አቀረባቸው። ሲልሁየት ከሰሰ። ጉዳዩ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1998 ተወሰነ። ዕቃው መጀመሪያ የተሸጠው ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ ከሆነ፣ የንግድ ምልክቱ ባለቤት ተመልሶ ገብቶ እንዳይሸጥ መከልከል ይችላል። ልብ በሉ፤ ፍሬሞቹን የሠራቸውም፣ መጀመሪያ የሸጣቸውም ሲልሁየት ራሱ ነው። ኦርጅናል ናቸው፤ ግን ተከልክለዋል።

ብዕርም ላይ ይኸው ነው። የጃፓኖቹ አምራቾች የፓይለት፣ የሴይለር እና የፕላቲነም ብዕሮች ብዙ ጊዜ ጃፓን ውስጥ ከአውሮፓ ይረክሳሉ። እዚህ ያለው አከፋፋይ የማጓጓዣ፣ የጉምሩክ፣ የጥገናና የማስታወቂያ ወጪ አለበት። ቶኪዮ ገዝቶ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ ሲመጣ ያ ዋጋ ይሰበራል። አከፋፋዩ ይጮሃል፤ አምራቹም ይከለክላል። የነጋዴው ብዕር ግን የወጣው ከዚያው ፋብሪካ ነው። ለራሱ ሊጽፍበት አንድ ብዕር ከጃፓን የሚያስመጣ ሰውን ደግሞ ይህ ክልከላ አይመለከተውም። ቀረጡን ከፍሎ ይጻፍበት።

አምራቾቹ ሌላም ምክንያት አላቸው፤ እሱ እውነተኛ ነው። የቀለም ብዕር ተሞክሮ የሚገዛ ዕቃ ነው። የጃፓን ቀጭን ጫፍ ከጀርመን ቀጭን ጫፍ ይቀጥናል። ግራኝ ሰው ቀለሙ ቶሎ የሚደርቅለት ጫፍ ያስፈልገዋል። እኛ ጋ ሰው ቁጭ ብሎ እየነከረ ይሞክራል፣ ይጽፋል፣ ይጠይቃል። ከዚያ ፎቶ አንስቶ ይወጣና ስልኩ ላይ በርካሽ ያዛል። ይህ ያማል። እንደዚህ ከቀጠለ የሚያስሞክር ሱቅ አይኖርም። አምራቹ እኛን ለማቆየት ቢሞክር አልቃወምም። ግን ስሙን ይጥራ። ጉዳዩ የዋጋና የሱቅ ነው። «እናንተን ከፎርጅድ ለመጠበቅ ነው» የሚሉ ሻጮችን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ለምን እንዲህ እንደምቆጣ ልንገራችሁ። ይህ እምነት ሰውን በሁለት በኩል ይጎዳል። አንዲት እህት ከጃፓን ድረ ገጽ የገዛችውን ፓይለት ከስተም 74 ይዛልኝ መጣች። ለእህቷ ልጅ ምረቃ ነበር የገዛችው። ዘመዶቿ «ኦንላይን ከሆነማ ፎርጅድ ነው» ብለው አሳፈሯትና ስጦታውን መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። ከፍቼ አየሁት። ጫፉ ላይ 14K-585 ይላል፣ የ14 ካራት ወርቅ ምልክት ነው፤ አሠራሩ ንጹሕ፣ ቀለሙ ያለ እንከን የሚፈስ ኦርጅናል ነው። ልጅቷ ያለ ስጦታ ተመርቃለች።

ሌላው ደንበኛ ለሽርሽር በሄደበት አገር መስታወት ካለው ቆንጆ ሱቅ ሞንብላን ገዛ። ከሱቅ ስለገዛ ምንም አልጠረጠረም፤ ደረሰኝ እንኳ አልተቀበለም። የጫፉ ወርቅማ ቅብ እየተላጠ እኛ ጋ መጣ። ፎርጅድ ነበር። ሱቅ ስለሆነ ኦርጅናል፣ ኦንላይን ስለሆነ ፎርጅድ የሚል ሰው ሻጩን አይመረምርም። የፎርጅድ ነጋዴ የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን ገዢ ነው።

«ዕቃው የራሱ ነው፤ አምራቹ እንደፈለገ ይከለክላል።» አውሮፓ ውስጥ አይችልም። ፒየር ፋብር የተባለ የፈረንሳይ መዋቢያ አምራች ምርቶቹ ፋርማሲስት ባለበት ሱቅ ብቻ እንዲሸጡ አድርጎ ነበር። ይህ በተግባር ኦንላይን መሸጥን መከልከል ነው። በ2011 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የምርትን ክብር መጠበቅ ለእንዲህ ያለ ክልከላ በቂ ምክንያት አይደለም አለ።

እኛን በጣም የሚመስለው ግን የፒንግ ጉዳይ ነው። ፒንግ የጎልፍ ዱላ ይሠራል። ዱላው በሰውየው ቁመትና በሚመታበት ስልት ልክ መመረጥ አለበት ብሎ ሁለት የእንግሊዝ ሱቆችን ኦንላይን እንዳይሸጡ ከለከለ። «ብዕር በእጅ ተይዞ መሞከር አለበት» ከሚለው ክርክር ጋር አንድ ነው። በ2017 የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን 1.45 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ቅጣቱን ወደ 1.25 ሚሊዮን ዝቅ አደረገ። ዓላማው እውነተኛ መሆኑን ተቀብሎም ሙሉ ክልከላውን ግን አልተቀበለም፤ ያንኑ ዓላማ የሚያሳካ ቀለል ያለ መንገድ ነበር አለ። በ2020 የበላይ ይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው።

አምራቹ እጁ ታስሯል ማለት ግን አይደለም። በ2017 መጨረሻ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ባየው ኮቲ የተባለ የሽቶና የመዋቢያ ድርጅት ጉዳይ፣ የቅንጦት ዕቃ አምራች የመረጣቸውን ቸርቻሪዎች እንደ አማዞን ባሉ የሌላ ሰው መድረኮች ላይ እንዳይሸጡ መከልከል እንደሚችል ተወስኗል። ስለዚህ አንድ ብዕር አማዞን ላይ ከጠፋ ኦንላይን ታገደ ማለት አይደለም። የሱቁን የራሱን ድረ ገጽ እዩ።

«ከወኪል ካልገዛሁ ዋስትና የለኝም።» ሁለት ዋስትና አለ። አንዱ አምራቹ በፈቃዱ የሚሰጠው ነው። እሱ ከወኪል ውጭ ለተገዛ ብዕር ላይሠራ ይችላል። ሌላው ሕጉ በሻጩ ላይ የጣለው ግዴታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከነጋዴ አዲስ ብዕር ከገዛችሁ፣ ሲመጣ ጉድለት ካለበት ሻጩ ለሁለት ዓመት ተጠያቂ ነው። ወኪል መሆን አለመሆኑ ለውጥ አያመጣም። በመጀመሪያው ዓመት የሚታይ ጉድለት ከመጀመሪያው እንደነበረ ይቆጠራል፤ አይደለም የሚለው ሻጭ ማስረጃ ያምጣ። ከጃፓን ካዘዛችሁ ግን ይህን መብት ማስከበር ከባድ ነው። 

ስለዚህ ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ሻጩ ስሙንና አድራሻውን በግልጽ ያላስቀመጠ ከሆነ ተዉት። ደረሰኝ ተቀበሉ። አዲስ አበባ ለሚላክ ስጦታ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ እናንተ ጋ አስቀሩት፤ ብዕሩ ቢበላሽ ሻጩን የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ። የቀለም ጠርሙስ ከብዕሩ ጋር ብትልኩ ጥሩ ነው፤ ብዕሩን ግን ቀለም ሞልታችሁ በአውሮፕላን አትላኩ።

ከኅብረቱ ነጋዴ ኦንላይን ከገዛችሁ ደግሞ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ትችላላችሁ። ቀለም ከነካ ግን ሻጩ ዋጋው የቀነሰውን ያህል ሊቆርጥባችሁ ይችላል። ስለዚህ ቀለም ከመሙላታችሁ በፊት ጫፉን በብርሃን እዩት። ጫፉ ለሁለት የተከፈለባቸው ቅጠሎች እኩል ካልሆኑ ወይም መሐላቸው ያለው ስንጥቅ ጠማማ ከሆነ፣ ሳትነክሩት መልሱት።