የጅምላ ማባረር ምንድን ነው?

አገር የውጭ ዜጋን ማስወጣት ይችላል። የማይፈቀድለት ሰዎችን ሰብስቦ፣ የእያንዳንዱን ጉዳይ ለየብቻ ሳያይ መሸኘት ነው። የጅምላ ማባረር የሚባለው ይህ ነው። ዋናው ነገር ቁጥሩ አይደለም። አንድ ሺህ ሰው በአንድ ቀን ቢባረርም፣ የእያንዳንዱ ፋይል በቅጡ ከታየ ጅምላ ላይባል ይችላል። ሃያ ሰው ሳይጠየቅ ቢመለስ ግን ጅምላ ነው።

ብዙ ሰው ይህ ክልከላ ከተባበሩት መንግሥታት የመጣ ይመስለዋል። የ1966ቱ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን ስለ ጅምላ በግልጽ አይናገርም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቀድመው በግልጽ የከለከሉት አህጉራዊ ስምምነቶች ናቸው፦ የአውሮፓው በ1963፣ የአሜሪካዎቹ በ1969፣ የአፍሪካው ቻርተር በ1981። ቻርተሩ ሲጸድቅ፣ ኢዲ አሚን እስያውያንን ከኡጋንዳ ካባረረ ገና አሥር ዓመት አልሞላም ነበር።

ክልከላው ጥርስ ያወጣው በክስ ነው። ከሁሉም የእኛን አካባቢ የሚነካው በጣሊያን ላይ የቀረበው ነው። በግንቦት 2009 ከሊቢያ በጀልባ የተነሱ 200 ያህል ስደተኞችን የጣሊያን መርከቦች ከጣሊያኗ ደሴት ከላምፔዱዛ በስተ ደቡብ ባሕር ላይ ያዟቸው። ማንነታቸውን እንኳ ሳይጠይቁ ትሪፖሊ መልሰው አስረከቧቸው። ወዴት እንደሚወስዷቸውም አልነገሯቸውም። ከመካከላቸው 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ክስ መሠረቱ። ጣሊያን «ባሕር ላይ ማባረር የሚባል ነገር የለም» የሚል መከራከሪያ አቀረበች። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2012 አልተቀበላትም። ክልከላው ከድንበር ውጭም ይሠራል አለ፤ ለእያንዳንዳቸውም 15,000 ዩሮ ካሳ ወሰነ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ፍርድ በዚህ ጉዳይ ላይ የለም።

እንዲህ ያለው አህጉራዊ ሕግ ወደ ዓለም አቀፍ ደረጃም ይወጣል። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2010 ጊኒ ዲሞክራቲክ ኮንጎን የከሰሰችበትን የአንድ ነጋዴ መባረር ሲዳኝ፣ የአፍሪካን ቻርተር ከተመድ ቃል ኪዳን ጎን አስቀምጦ ፈረደ። የአህጉራቱን የመብት ተቋማት ትርጓሜም ለራሱ ትርጓሜ ማጠናከሪያ አደረገው። በ2014 ደግሞ የተመድ የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን የውጭ ዜጎችን ስለማባረር ረቂቅ አንቀጾች አወጣ። ሥራውን የመሩት ካሜሩናዊው ሞሪስ ካምቶ ናቸው። አንቀጽ 9 ጅምላን ይከለክላል፤ መነሻውም እነዚያው አህጉራዊ ስምምነቶች ናቸው። ረቂቁ ግን እስካሁን አስገዳጅ ስምምነት አልሆነም።

የሚያሳስበኝ፣ አህጉር ሲያላላም ዓለም ሊከተል መቻሉ ነው። ያው የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት በ2020 ስፔንን ነፃ አወጣ። ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ያለችውን የስፔን ከተማ የሜሊያን አጥር በቡድን ዘለው የገቡት ሰዎች በሕጋዊው በር አልመጡምና፣ ጉዳያቸው ለየብቻ ያልታየው በራሳቸው ጥፋት ነው አለ። ይህ ቀዳዳ ነው፤ ሌሎች መንግሥታትም ሊሾልኩበት ይችላሉ።

የአረብ የሰብዓዊ መብት ቻርተርም ጅምላ ማባረርን በማንኛውም ሁኔታ ይከለክላል። ሳዑዲ ዓረቢያ አባል ናት። ነገር ግን የተባረረ ሰው አቤት የሚልበት፣ እንደ ስትራስቡርጉ ያለ ፍርድ ቤት በአካባቢው የለም። በ2013 መጨረሻ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ሲመለሱ፣ የእያንዳንዳቸው ጉዳይ በቅጡ ታይቶ እንደሆነ የሚጠይቅ ክልላዊ ዳኛ አልነበረም።