የአርጎባ ሕዝብ ብዛት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሽመናውና በሲራራ ንግዱ የሚታወቀው የአርጎባ ሕዝብ ከወሎና ከሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ተዳፋት አንሥቶ እስከ ሐረር ዙሪያ ድረስ፣ በተራራ አናትና በገደል አፋፍ በተሠሩ መንደሮች ተበታትኖ ይኖራል። ስለ ብዛቱ የሚጠቀሱት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፤ እነዚያው ጥቂቶች ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቦታቸው ይገባሉ።

«አርጎባዎች 10 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው»

ይህ ቁጥር ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው አርጎብኛ እንደሆነ የተመዘገበላቸው ሰዎች 10,860 ነበሩ። በዚያው ቆጠራ በብሔረሰብ አርጎባ ተብለው የተመዘገቡት ግን 62,831 ናቸው። ብሔረሰብና አፍ መፍቻ ቋንቋ ለየብቻ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ስለሆኑ የአንዱ መልስ ሌላውን አይተካም። ለምሳሌ ቆጣሪው በሰሜን ሸዋ፣ አልዩ አምባ አካባቢ ካለ አንድ ቤት ገብቶ አባወራውን ቢጠይቅ፣ ሁሉም የቤቱ ሰዎች በብሔረሰብ ረድፍ አርጎባ፣ በቋንቋ ረድፍ አማርኛ ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ በሐረር በኩል ደግሞ በቋንቋው ረድፍ ኦሮምኛ ወይም ሐረሪ ይሰፍራል። የቋንቋውን ቁጥር ወስዶ የሕዝቡ ነው ማለት፣ ከስድስት አርጎባዎች አምስቱን ከመዝገብ እንደ መፋቅ ነው።

«በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ከእጥፍ በላይ የሆኑት በወሊድ ብዛት ነው»

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አርጎባ ተብለው የተመዘገቡት 140,820 ደረሱ። እዚህ ላይ እርሳስ አንሥቶ ማስላት ይበጃል። የአገሪቱ ሕዝብ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል በዓመት 2.6 በመቶ ገደማ አድጓል፤ አርጎባም በዚሁ ልክ ቢያድግ ኖሮ ከ90 ሺህ ባላለፈ ነበር። 140 ሺህ ለመድረስ በየዓመቱ ከ6 በመቶ በላይ ማደግ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ዕድገት ደግሞ ወሊድ ብቻውን በየትኛውም የገጠር ማኅበረሰብ ሊያመጣው አይችልም። የቋንቋው ነገር ይበልጥ ያስገርማል፦ አርጎብኛን አፍ መፍቻዬ ያሉት ከ10,860 ተነሥተው ወደ 44 ሺህ ወጥተዋል። ብዙ ተናጋሪዎቹ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ አዘንብለዋል የሚባልለት ቋንቋ በዚህ ፍጥነት አራት እጥፍ ሆነ ማለት፣ ጡት የሚጠቡ ሕፃናት በዙ ማለት ሳይሆን መልስ የሰጡት ሰዎች መልስ ተለወጠ ማለት ነው።

እኔን የሚያሳምነኝ ማብራሪያ ይህ ነው። ብሔረሰብ በቆጠራ የሚመዘገበው ተጠያቂው በሚናገረው ቃል እንጂ በደም ምርመራ አይደለም። ቀደም ሲል በጎረቤቱ ስም መመዝገብ የቀለለው ሰው፣ በኋላ በራሱ ስም ለመጠራት ምክንያት ሲያገኝ አርጎባ ነኝ ይላል። በ1999ኙ ቆጠራ ጊዜ በአማራ ክልልም በአፋር ክልልም አርጎባ ልዩ ወረዳ የሚባል አስተዳደር እንደነበረ ማስታወስ ያሻል። ይህን «የተጋነነ ቁጥር» ብለው የሚያጣጥሉት አሉ፤ የፊተኛው ቁጥር ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ግን አያነሡም።

«የልዩ ወረዳው ነዋሪ ብዛት የአርጎባ ብዛት ነው»

አይደለም። ቋንቋውን አጥብቀው ከያዙት ጥቂት መንደሮች አንዷ የሆነችው፣ በድንጋይ ቤቶቿ የምትታወቀው ሾንኬ፣ በከሚሴ አቅጣጫ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ናት። በሐረር አጠገብ ያለችው ኮሮሚም ከሁለቱም ልዩ ወረዳዎች ውጭ ናት። በዚያ ላይ የአፋር ክልል የተቆጠረው እንደ አብዛኛው ክልል በግንቦት 1999 ሳይሆን በኅዳር 2000 ስለነበረ፣ የአንዱ ሕዝብ ሁለት ክፍሎች በአንድ ቀን እንኳ አልተቆጠሩም።

«የጥንቱን ብዛት ከዐረብ ጸሐፊዎች ማግኘት ይቻላል»

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው አል ዑመሪ፣ አርጎባዎችም የኖሩባት የሙስሊም ሱልጣኔት ይፋት 15 ሺህ ፈረሰኛና ከ20 ሺህ የማያንስ እግረኛ ጦር እንዳላት መዝግቧል። ይህ የሠራዊት እንጂ የሕዝብ ቁጥር አይደለም፤ ጸሐፊውም ኢትዮጵያን ሳይረግጥ ከሰዎች አፍ የሰማውን ነው ያሰፈረው። ይፋት ደግሞ የአርጎባ ብቻ መኖሪያ አልነበረችም።

«ከዚያ ወዲህ አዲስ ቆጠራ አለ»

አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ እንደገና ተራዘመ። በየዓመቱ የሚወጣው የወረዳዎች ትንበያ ነዋሪን በጾታና በቦታ ይከፍላል እንጂ በብሔረሰብ አይለይም። በውጭ ጽሑፎች «የ2007 ቆጠራ» ተብሎ የሚጠቀሰውም የእኛው የ1999ኙ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2007 ዓ.ም. መስሎት የሚጠቅስ ሰው መረጃውን በስምንት ዓመት አዲስ ያደርገዋል።